ግጥም፦ ሕዝብ

ፊልሙ አልቆ ነበር፣ አርባ ሰከንድ ሲቀር፤
ጣና ጭጋግ ለብሶ፣ ጎህ ከውኃ ሲማከር፣
አንዲት ሴት ታንኳዋን በሸምበቆ ገፍታ
ስትርቅ፣ ስትርቅ፣ ለኛ ጀርባ ሰጥታ።

እዚያ ላይ አንድ ዘፈን፣ ያ ዘፈን፣ እሱ ብቻ፦
ፈታይዋ ውብአንቺ፣ ከጣና ዳርቻ፣
በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የማታ ፈረቃ፣
የማሽኑን ጩኸት በጉሮሮዋ ልቃ፣
በአንድያ ካሴቷ፣ በሁለተኛው ገጽ
ሦስተኛ የሚመጣው፣ ያ ነው የምለው ድምፅ።

ገንዘቡ? ተቆጥሯል። ስልሳ አራት ሺህ ብር፤
ካሜራው በውሰት፣ መብራቱም በብድር፣
የተዋንያን ምሳ የተጠበሰ ዓሣ፣
ቅዳሜን በልተነው፣ እሑድ የተረሳ።

«ዝም ብለሽ ክተቺው» አለ ቢተው፣ ኤዲተሬ፣
«አገር በፍላሽ ሲቀዳው፣ ትላንትም ሆነ ዛሬ፤
ባጃጁ ያጫውተዋል፣ ጁስ ቤቱ፣ ሠርግ ቤቱ፤
ማን ጠይቆ ያውቃል የት ነው ባለቤቱ?»

እኔ ግን እምቢ አለኝ። ያቺ ሴት፣ ባለታንኳዋ፣
መሬቷ ሳትጠየቅ ተሸጦ ነው መሄዷ፤
ሳልጠይቅ በወሰድኩት ዜማ ልሸኛት እንዴ?
እሷስ ምን ትለኛለች? ምን ይለኛል ሆዴ?

ስለዚህ ፍለጋ። ውብአንቺ ሞታለች።
ልጇ ፋሲሎ ጓሮ ልብስ ትሰፋለች።
«የእናቴ ድምፅ?» አለች፣ መቀሷን አስቀምጣ፣
«እኔስ ልፈርምልሽ፤ ድምፅ ብቻውን ምን ሊያመጣ?
ዜማው የባንዱ ነው፣ ካሴቱ የባለሱቅ፣
ግጥሙን ማን እንደጻፈው እግዜር ይወቅ።»

ደወልኩ አዲስ አበባ፣ ለካሴቱ ጌታ፤
ጠዋት አላነሣም፣ አነሣልኝ ማታ።
«ሰማንያ ሺህ» አለኝ።
ፊልሜ በሙሉ፣ ከነዓሣው፣ ከነብድሩ፣
ስልሳ አራት ነው እኮ።
«ቅናሽ ቢኖር?» አልኩት።
«ሠላሳ ሰከንድ ውሰጂ» አለኝ፣ የኔ ደግ።

የካሴቱን ሽፋን አገላብጬ አየሁ፦
ድምፅ፦ ውብአንቺ። ዜማ፦ ባንዱ።
ግጥም፦ ሕዝብ።
ሕዝብን የት ላግኘው? በየት በኩል ይፈርማል?
ማኅተሙ ክብ ነው? ቀበሌ ስንት ይኖራል?

ሕዝብ ሽምብጥ ነበር፣ ከቆርቆሮ አጥር ኋላ፤
ጡረታ የወጣ፣ ባለሠባራ ጥላ፣
አቶ ልየው ይባላል፣ ድሮ የፋብሪካው ግምጃ ቤት፣
ለውብአንቺ የጻፈው በደረሰኝ ጀርባ፣ በአንድ ሌሊት።
ደረሰኙን አሳየኝ፦ ስምንት ኩንታል ጥጥ፣ ቀን፣ ፊርማ፤
ገልበጥ ሲያደርገው፣ ያ ግጥም፣ ሙሉውን፣ ያለ ዜማ።

«ስንት ልክፈል?» አልኩት፣ ዓይኔን መሬት ጥዬ።
«ገንዘቡ ይቅር» አለ፣ «ስሜን ጻፊው፣ እናትዬ።
ሕዝብ መልካም ሰው ነው፤ እኔ ግን ሕዝብ አይደለሁም፤
ያን ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ፤ ሕዝብ አብሮኝ አላደረም።»

ሰማንያው አልመጣም፤ ክረምቱ ነው የገባ።
ዘፈኑን አወጣነው፤ ቀረ ውኃው ሲያባባ፤
አርባ ሰከንድ ሙሉ፣ ከሸምበቆው ጠብ ሲል፤
አንድ ይብራ ከሩቅ ጮኸ፤ ለሱስ ማንም አያስከፍል።

በወጣት ማዕከል አሳየን፤ የፕላስቲክ ወንበር፣
አቶ ልየው ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥላውን ይዞ ነበር።
ስሞቹ ሽቅብ ፈሰሱ፤ ተዋናይ፣ መብራት፣ ካሜራ፣
ከዚያ «ግጥም፦ ልየው ደርሶ»፣ በጥቁሩ ላይ በራ።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ መጣ፣ ጥላውን እየተመረኮዘ፤
«የታል ዘፈኑ?» አለኝ። መልሴ አፌ ላይ ፈዘዘ፦
«አልገዛሁትም፣ አባባ።»
ሳቀ፤ ጥርሱ ጥቂት ነው።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘፈኔ ነበር፣ ስሜ ጠፍቶ፤
ዛሬ ስሜ መጣ፣ ይኸው፣ ዘፈኔ በተራው ቀርቶ።»

ብሎ፣ በር ላይ፣ ጥላውን ዘረጋ።
አልዘነበም ነበር።